ሬጉላር ወይስ ጉፊ፦ በቦርድ ላይ ፊት የሚሆነውን እግር ማን ይወስን?

መስቀል አደባባይ፣ ለገሃር አካባቢ ወይም ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚወስደው የታደሰ የእግረኛ መንገድ ላይ አንድ ጀማሪ ስኬትቦርድ ላይ ሲወጣ መጀመሪያ የሚሰማው ትእዛዝ ስለ እግሩ ነው። አንዱ «ቀኝህን ፊት አድርግ» ይለዋል፤ ሌላው «ኧረ ግራህን ነው» ብሎ ያርመዋል። ሁለቱም የሚናገሩት ራሳቸው የሚቆሙበትን ነው። ልጁ ድምፁ የጎላውን ሰምቶ ይቆማል፤ ከዚያም ሳምንታት ሙሉ በማይሆነው እግር ይታገልና በመጨረሻ «ይሄ ነገር ለእኔ አይሆንም» ብሎ ቦርዱን ለባለቤቱ ይመልሳል። ፊት የሚሆነው እግር በሙከራ ይታወቃል እንጂ በትእዛዝ አይሰጥም። ሙከራውን በትክክል ለማካሄድ ደግሞ ስኬተሮች የሚጠቀሙባቸውን ቃላት አጥርቶ መያዝ ያስፈልጋል፤ ቃሉ ሲሳት ሥልጠናውም አብሮ ይስታል።

ጉዳዩ አሁን የሚነሣበት ምክንያት አለ። የላፍቶው የኮንክሪት ስኬት ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ሲከፈት አዲስ ገቢው ከነባሮቹ አጠገብ ቆሞ የሚያይበትና የሚጠይቅበት ቦታ አገኘ። ከዚያ ወዲህ በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው»፣ በ2013 ዓ.ም. ታድሶ የተከፈተው መስቀል አደባባይ፣ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህም የኮሪደር ልማቱ በመሃል ከተማው ሰፊና ልሙጥ መሬት ጨመሩ። ጀማሪው ዛሬ ከሰፈሩ ሳይርቅ መንዳት ይችላል። አስተማሪው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከእሱ በሁለት ወር የሚቀድመው ጓደኛውና ስልኩ ላይ ያለ ቪዲዮ ነው። የሚሳሳተውም እዚያ ላይ ነው።

መሠረቱ ቀላል ነው። ቦርዱ በሚሄድበት አቅጣጫ ግራ እግሩ ፊት የሚሆን ነጂ ሬጉላር ይባላል፤ ቀኝ እግሩ ፊት የሚሆን ጉፊ ነው። ሬጉላር ነጂ ወደ ፊት ሲሄድ ደረቱና ጣቶቹ ወደ መንገዱ ቀኝ ይዞራሉ፤ የጉፊው ወደ ግራ። ሬጉላሮች በቁጥር ይበዛሉ፣ ጉፊዎች ግን በየትኛውም የስኬተር ስብስብ ውስጥ አይጠፉም። ሁለቱም ቃላት ከባሕር ሞገድ ነጂዎች ማለትም ከሰርፈሮች የመጡ ናቸው። «ጉፊ» በእንግሊዝኛ ቂላቂል እንደማለት ነው፤ በ1937 እ.ኤ.አ. በወጣ የዲዝኒ ካርቱን ላይ ጉፊ የተባለው ውሻ ሰርፍ ሲነዳ ስለሚታይ ስያሜው ከዚያ መጣ የሚሉ ብዙ ናቸው። እውነት ይሁን አይሁን፣ ቃሉ የስድብ ትርጉሙን ከተወ ቆይቷል፤ ነጂዎቹም ያለምንም ማፈር «ጉፊ ነኝ» ይላሉ።

የሚያፍሩበት ምክንያትም የለም። በስኬትቦርድ ዝነኛው ቶኒ ሃውክ ጉፊ ነው፤ ስኬተሮቹ ኤሪክ ኮስተንና ናይጃ ሂውስተንም ጉፊ ናቸው። በሰርፍ ዓለም 11 ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ኬሊ ስሌተር ሬጉላር ሲሆን፣ ሦስት ጊዜ የነገሠው ብራዚላዊው ጋብሪኤል መዲና ጉፊ ነው። በስኖውቦርድ ሦስት የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘው ሾን ዋይት ሬጉላር ነው። ከፍተኛው ደረጃ ላይ ሁለቱም አሉ፤ እግሩን ማንም አልከለከላቸውም።

እኛ አገር ነገሩን የሚያከብደው ሌላ ልማድ ነው። ቀኝ በባህላችን የተከበረ ወገን ነው። ማለዳ «በቀኝ አውለኝ» ተብሎ ይጸለያል፣ ማዕድ በቀኝ እጅ ይቆረሳል፣ ወደ መስጊድ ሲገባ ቀኝ እግር ይቀድማል፣ ተነጫንጮ የዋለ ሰው «በግራ ጎኑ ተነሥቶ ነው» ይባላል። በግራ እጁ መጻፍ የጀመረ ልጅ ወደ ቀኝ እንዲመለስ የሚገፋበት ቤትም ዛሬ አልጠፋም። ይህ ልማድ ሳይታወቅ ቦርዱ ላይ ይወጣል። ታላቅ ወንድም ታናሹን «ቀኝህን አስቀድም» ሲለው ከልቡ ይጠቅመው መስሎት ነው። ውጤቱ ግን ተፈጥሮው ሬጉላር የሆነ ልጅ ጉፊ እንዲቆም መገደዱ ነው። በተቃራኒው ደግሞ «ሬጉላር» የሚለውን ቃል «ትክክለኛው» ብለው የሚረዱ ልጆች ጉፊውን ጓደኛቸውን «ተሳስተሃል» እያሉ ወደ ግራ ይመልሱታል። ልማዱ የሚገባው ማዕድ ላይ ነው፤ ቦርድ ላይ ሚዛን የሚጠብቀው አካል ነው።

መለያው ሙከራ

በየሰፈሩ የሚሠራባቸው ሙከራዎች አሉ፤ እኩል ዋጋ ግን የላቸውም። ብዙ ሰው የሚያውቀው ልጁን ሳይዘጋጅ ከኋላ ገፍቶ ቀድሞ የሚያወጣውን እግር ማየት ነው። ይህ ሙከራ የሚነግረን ከመውደቅ ለመዳን የትኛው እግር እንደተወረወረ ብቻ ነው። በተገፋበት ቅጽበት ክብደቱ በግራ እግሩ ላይ ከነበረ ነጻ የነበረው ቀኙ ይወጣል፤ ክብደቱ በቀኙ ላይ ቢሆን ኖሮ ግራው ይወጣ ነበር። ሁለት ጊዜ ሲገፋ ሁለት መልስ የሚሰጥ ልጅ ብዙ ነው። ሰውን ሳያውቅ መግፋት ለአንገትና ለእጅ አንጓም ጥሩ አይደለም፤ ቢቀር ይሻላል።

ሁለተኛው በኳስ መለየት ነው፤ በከተማችን ኳስ ያልነካ ልጅ ስለሌለ ሰው ሁሉ ይጠቀምበታል። ሐሳቡ መሠረት አለው። ኳስ በቀኙ የሚመታ ሰው በግራው ይቆማል። ስኬትቦርድ ላይ ደግሞ ፊተኛው እግር መሬት ሲገፋ ሙሉ ክብደት ተሸክሞ ይቆያል፤ ኋለኛው መሬቱን ይገፋል፣ የቦርዱን ጅራትም፣ ማለትም የኋላ ጫፉን፣ ይመታል። ስለዚህ በቀኙ የሚመታ ሬጉላር ይሆናል ብሎ መጠርጠር ይቻላል። ግን ፊተኛው እግር ቆሞ ብቻ አይቀርም፤ ይመራል፣ ቦርዱ ሲዘል ያስተካክላል፣ በፍሊፕ ጊዜ፣ ማለትም ቦርዱ በአየር ላይ ሲገለበጥ፣ በጣቱ ጠርዝ ያሽከረክራል። አንዳንዱ ሰው ቅልጥፍናውን ፊት ላይ ሲፈልገው ሌላው ኋላ ላይ ይፈልገዋል። በቀኛቸው እየመቱ ጉፊ የሆኑት ለዚህ ነው። የኳሱ መልስ ጥርጣሬ ይሰጣል፤ ፍርድ ግን አይሰጥም። የሚጽፍበት እጅ ደግሞ ከዚህም ያነሰ ይነግረናል።

ደህና የሚሠራው የመንሸራተት ሙከራ ነው። ልጁ ካልሲ ያድርግ፤ ሊሾ ወይም ሴራሚክ ወለል ላይ አራት ሜትር ያህል ባዶ ቦታ ይመቻች፤ ጠረጴዛና ወንበር ይነሣ። ሦስት አራት እርምጃ ሮጦ በጎኑ ይንሸራተት። ምን እንደሚታይ አስቀድሞ አይነገረው፤ ከተነገረው እግሩን ያስባል፣ ያሰበ እግር ደግሞ እውነቱን አይናገርም። አምስት ጊዜ ይደገም። አራት ወይም አምስት ጊዜ አንዱ እግር ፊት ከሆነ መልሱ ተገኝቷል ማለት ይቻላል። ሦስት ለሁለት ከሆነ በግምት አትወስኑ፤ ወደ ቦርዱ ሂዱ። ይህ ሙከራ ከሌሎቹ የሚሻለው መንሸራተቱ ራሱ ቦርድ ላይ ከሚሆነው ጋር አንድ ስለሆነ ነው፤ አካሉ በጎን ቆሞ፣ ጉልበቱ ታጥፎ፣ እየተጓዘ ሚዛን ይጠብቃል።

የመጨረሻው ፈራጅ ቦርዱ ነው። ጠፍጣፋና ጠጠር የሌለበት መሬት ይመረጥ፤ ዝናብ የነካው ልሙጥ ንጣፍ አይሆንም። ሄልሜት ይጠለቅ። ቦርዱ ዕቃው የተሟላ፣ ስፋቱ 8 ኢንች ማለትም 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከሆነ ለአብዛኛው ታዳጊ ይበቃል። ጎማው ጠንካራ የሆነ ቦርድ ሻካራ አስፋልት ላይ እግርን እያንቀጠቀጠ ሙከራውን ስለሚያበላሽ እንዲህ ያለው መሬት ላይ ለስላሳ ጎማ፣ በጥንካሬ መለኪያው ከ78ኤ እስከ 87ኤ ያለው፣ ይሻላል።

መጀመሪያ ፊተኛው እግር የፊት ብሎኖቹ ላይ ወይም ከእነሱ ትንሽ ወደ ኋላ ይቀመጥ፣ ጣቱ ወደ ቦርዱ አፍንጫ፣ ማለትም ወደ ፊት ጫፉ፣ ይመልከት። በኋለኛው እግር ሦስት ትናንሽ ግፊት ይስጥና የገፋውን እግር ከመሬት አንሥቶ፣ ቦርዱ ላይ ሳያሳርፍ፣ በአንድ እግሩ ብቻ ይጓዝ። ስንት ሰከንድ እንደቆየ ቁጠሩ። ቀጥሎ ሁለቱንም እግር አሳርፎ፣ ፊተኛውን ወደ ጎን አዙሮ፣ ጉልበቱን አጥፎ በጣቶቹ በኩል ከዚያም በተረከዙ በኩል ይደገፍ፤ ቦርዱ ይታዘዘዋል ወይስ ይጎትተዋል? ከዚያ እግሮቹን ለውጦ ሁሉንም እንደገና ይሥራ። ለእያንዳንዱ ወገን አሥር ደቂቃ ይበቃል።

እዚህ ላይ አብዛኛው ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ። ሁለተኛ የተሞከረው ወገን ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል፤ ልጁ በመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ስለተማረ ነው። ስለዚህ በሌላ ቀን ቅደም ተከተሉን ገልብጣችሁ ድገሙት። በሁለቱም ቀን ያሸነፈው ወገን የእሱ ነው። ከሰከንዱም በላይ ፍርሃት ሲመጣ የሚሆነውን ተመልከቱ። ጀማሪ ሁሉ ሲፈራ ወደ ኋላ ይደገፋል፤ ባልሆነው እግር የቆመ ግን ክብደቱን ጨርሶ ጅራቱ ላይ ይጥላል፣ ቦርዱም ከሥሩ ወደ ፊት ያመልጣል። ዓይኑን ከእግሩ ላይ ማንሣት የማይችልበት ወገንም ብዙ ጊዜ የእሱ አይደለም።

ሞንጎ፦ ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ምርጫ ምልክት

አንድ ነጂ በኋለኛው እግሩ ላይ ቆሞ በፊተኛው መሬት የሚገፋ ከሆነ ሞንጎ ይገፋል ይባላል። በመሃል ከተማው ከሚታዩት የጀማሪ ልማዶች ሁሉ ትኩረት የሚሻው ይህ ነው ብለን እናምናለን፤ ሲታይ ግን ሰው ወይ ይስቃል ወይ ያልፋል።

ጉዳቱ ከቦርዱ አሠራር ይመነጫል። ቦርዱን በደንብ የምንመራው የፊተኛው ትራክ (ጎማዎቹን ከቦርዱ ጋር የሚያያይዘው ብረት) ላይ ክብደት ሲኖር ነው። ሞንጎ የሚገፋ ሰው ክብደቱ በሙሉ ኋላ ላይ ስለሆነ አፍንጫው ይቀላል፤ ትንሽ ስንጥቅ ሲነካው ይዞራል። ገፍቶ ሲጨርስም ሁለቱንም እግሮች እንደገና ማደላደል አለበት፤ በትክክል የሚገፋ ሰው ግን የገፋውን እግር ጅራቱ ላይ አሳርፎ ፊተኛውን ማዞር ብቻ ይበቃዋል። ከመሰናክል በፊት ያለው ጊዜ አጭር ሲሆን ይህ ልዩነት መሥራትና አለመሥራትን ይወስናል።

ከዚህ የሚብሰው ማቆም ነው። ቀላሉ ፍሬን የኋለኛውን እግር ሶል ቀስ አድርጎ መሬት ላይ መጎተት ነው። ይህን ለማድረግ በፊተኛው እግር ላይ ተደላድሎ መቆም ግድ ነው፤ ሲገፉ የሚቆሙበት ሚዛን ራሱ ነው። ሞንጎ የለመደ ልጅ ይህን ሚዛን አልገነባም። ጠፍጣፋው መስቀል አደባባይ ላይ ችግሩ አይታወቅም፤ ከማዘጋጃ ቤቱ ወደ ለገሃር በሚወርደው ቸርችል ጎዳና አጠገብ ሲሆን ግን ቦርዱ እየፈጠነ ሲሄድ መጎተት አይችልም፣ ዘሎ ይወርዳል፣ ቦርዱም ወደ መኪናው መንገድ ወይም ወደ እግረኛው ይሮጣል። በእግሩ ማቆም የማይችል ልጅ ቁልቁለት ላይ መውጣት የለበትም፤ በዚህ ጉዳይ ላይ መለሳለስ አያስፈልግም።

ታዲያ ሞንጎ የሚገፋን ልጅ «እግርህን ቀይር» ብሎ ከመጮህ በፊት አንድ ነገር ይፈተሽ። የሚገፋበትን እግር ሳይነኩ፣ የሚቆምበትን እግር የፊት ብሎኖቹ ላይ እንዲያደርገው ጠይቁት። ለምሳሌ ሬጉላር የቆመ ልጅ በግራው የሚገፋ ከሆነ ቀኙ ፊት ይሁንና በግራው ይግፋ። በዚህ አቋም ወዲያው ከተደላደለ ልጁ ከመጀመሪያውም ጉፊ ነበር፤ ሰው ነው በግድ ሬጉላር ያደረገው። እግሩ ትክክሉን ሲናገር ቆይቷል ማለት ነው። ካልተደላደለና በቀድሞው አቋም መዞርና መደገፍ የሚቀለው ከሆነ ብቻ ግፊቱን ማረም ይገባል፦ በየቀኑ በልምምዱ መጀመሪያ አሥር ደቂቃ፣ በዝግታ፣ በትክክለኛው እግር መግፋት ብቻ፣ ምንም ትሪክ፣ ማለትም የቦርድ ጨዋታ፣ ሳይቀላቀል። እየዋለ ሲያድር የተለመደ ስለሚከብድ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቢታረም ይመረጣል። የተካኑ ነጂዎች በተቃራኒ አቋማቸው ሲሄዱ ሞንጎ ሲገፉ ይታያሉ፤ ያ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ለጀማሪ ማስረጃ አይሆንም።

አራቱ አቋሞች

ከዚህ በኋላ ያለው የቃላት ጥልፍልፍ ልጆቹን እርስ በርስ የሚያከራክራቸው ነው፦ ስዊች፣ ፌኪ፣ ኖሊ። ቪዲዮው ላይ ተናጋሪው ያልፋቸዋል፤ ሰሚው በግምት ይሞላቸዋል፤ «ፌኪ ሥራው» የተባለ ልጅ ስዊች ሞክሮ ይወድቃል። ጥልፍልፉ በሁለት ጥያቄዎች ይፈታል። በጉዞው አቅጣጫ የሚመራው የትኛው እግር ነው? ቦርዱን ለማዝለል የሚመታው የትኛው ነው?

ሬጉላር ነጂን እንውሰድ። ግራው እየመራ ቀኙ ጅራቱን ከመታ በራሱ አቋም ላይ ነው። ግራው እየመራ ራሱ ግራው አፍንጫውን ከመታ ኖሊ ነው። እግሮቹ ሳይለወጡ ቦርዱ ወደ ኋላ፣ ጅራቱ ፊት ሆኖ እየሄደ፣ ቀኙ ያንኑ ጅራት ከመታ ፌኪ ነው፤ እዚህ ላይ የሚመራውም የሚመታውም ቀኙ ነው። ቀኙ እየመራ ኋላ ያለው ግራው ከመታ ስዊች ነው፤ ጉፊ የሚቆመውን አቋም ሬጉላሩ ተበድሮታል። ለጉፊ ነጂ ግራና ቀኝ የሚሉትን ማለዋወጥ ነው። ፌኪና ስዊች ከሩቅ አንድ የሚመስሉት በሁለቱም ቀኙ ስለሚመራ ነው፤ መለያው መቺው እግር ነው። «ስዊች ኖሊ» የሚል ቃል እምብዛም የማይሰማውም በዚሁ ምክንያት ነው፦ ቀኙ እየመራ ራሱ ቀኙ ከመታ ያ ፌኪ ሆኗልና።

ቃላቱ አሁን ያለ ፉክክር የሚደረደሩ ይምሰሉ እንጂ ዕድሜያቸው እኩል አይደለም። ቦርዱን ያለ እጅ የማዝለል ሥልት፣ ኦሊ፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. በፍሎሪዳው ልጅ በአለን ጌልፋንድ በጎድጓዳ ፓርኮች ውስጥ ተጀመረ፤ ሮድኒ ማለን በ1980ዎቹ መጀመሪያ ወደ ጠፍጣፋ መሬት አመጣው። ስዊች እንደ ራሱ ችሎታ ተቆጥሮ የተስፋፋው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። ስኬትቦርድ ኦሎምፒክ ውስጥ ከገባ ወዲህ፣ ማለትም በ2021 እ.ኤ.አ. ከተካሄደው የቶክዮ ውድድር ጀምሮ፣ ዳኞች የትሪኩን አስቸጋሪነት ስለሚመዝኑ በስዊች የተሠራ ትሪክ ከፍ ያለ ዋጋ ሊያገኝ ይችላል። ለጀማሪ ግን ጊዜው ገና ነው። በራሱ አቋም መግፋት፣ መዞር፣ በእግሩ ማቆምና ኦሊ ሳይችል ስዊች የሚጀምር ልጅ ሁለቱንም ግማሽ ያደርጋል። እነዚህን ከቻለ በኋላ በየልምምዱ መጨረሻ ትንሽ ደቂቃ ስዊች መግፋት ጥሩ ነው፤ ሁልጊዜ አንድ እግር ብቻ እየገፋ ሌላው ብቻ እየተሸከመ እንዳይቀር ያደርጋል።

ፍሮንትሳይድና ባክሳይድም የሰርፍ ቃላት ናቸው። ሰርፈሩ ፊቱን ወይም ጀርባውን ለሞገዱ መስጠቱን ያመለክታሉ። በመንገድ ላይ ጠርዙ ወይም መቀመጫው ከደረትህ ወገን ካለ ፍሮንትሳይድ፣ ከጀርባህ ወገን ካለ ባክሳይድ ነው። በአየር ላይ ሲዞሩ ደግሞ ደረቱ ቀድሞ ወደ ጉዞው አቅጣጫ የሚዞርበት ፍሮንትሳይድ ነው፤ ለሬጉላር ወደ ግራ፣ ለጉፊ ወደ ቀኝ መዞር ማለት ነው። አሠልጣኝ ለተደባለቀ ቡድን «ወደ ግራ ዙሩ» ሲል ግማሹን ፍሮንትሳይድ፣ ግማሹን ባክሳይድ አዘዘ፤ ባክሳይድ መሬቱን በደንብ ሳያዩ ስለሚዞሩት ለጀማሪ የሚያስፈራ ነው። ስለዚህ በግራና በቀኝ ማዘዝ ይቅር፤ «በደረትህ በኩል»፣ «በጀርባህ በኩል»፣ «በጣትህ ተደገፍ»፣ «በተረከዝህ ተደገፍ» ማለት ለሁለቱም እኩል ይሠራል።

ቪዲዮውና ስልኩ

ጉፊ ልጅ ሬጉላር አስተማሪ ያለበትን ቪዲዮ ሲከተል እያንዳንዱን ነገር በአእምሮው መገልበጥ አለበት። መገልበጡ ለአዋቂም ይከብዳል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ቪዲዮውን ስልኩ ላይ አስቀምጦ ግራና ቀኙን በሚያገላብጥ ማስተካከያ መገልበጥ ነው። ጽሑፎቹ ተገልብጠው ይታያሉ፣ አስተማሪው ግን ጉፊ ሆኖ ያርፋል። በአካል ሲሆን ደግሞ ጉፊ አሠልጣኝና ሬጉላር ተማሪ ፊት ለፊት ቢቆሙ አንዱ ለሌላው መስታወት ይሆናል፤ ሁለቱም አንድ አቋም ካላቸው ግን አሠልጣኙ ጀርባውን ሰጥቶ ከተማሪው ፊት ቢቆም ይሻላል።

በራስ ፎቶ ካሜራ ራሱን የሚቀርጽ ልጅ ሌላ ወጥመድ አለበት። ይህ ካሜራ አንዳንድ ጊዜ ምስሉን እንደ መስታወት ይገለብጣል፤ ሬጉላሩ ጉፊ ሆኖ ይታያል። ቪዲዮውን አይቶ ምክር የሚሰጥ ሰው ከመናገሩ በፊት ልብስ ላይ ያለውን ጽሑፍ ይመልከት፤ ፊደሉ ከተገለበጠ እግሩም ተገልብጧል።

አገራችን መኪና በቀኝ በኩል መሄዱም ለሁለቱ እኩል አይደለም። በመንገዱ ቀኝ ጠርዝ የሚጓዝ ሬጉላር ደረቱ ወደ እግረኛው መንገድ፣ ጀርባው ወደ መኪናዎቹ ነው፤ ከኋላ መጥቶ በግራው የሚያልፈውን ታክሲ አያየውም። ጉፊው ፊቱ ወደ መኪናዎቹ ስለሆነ ያያል፤ እሱ የማያየው ከግቢ ወይም ከሱቅ በር ወደ መንገዱ የሚወጣውን እግረኛ ነው። ሬጉላር ልጅ በየጥቂት ግፊቱ አንገቱን አዙሮ ግራ ጀርባውን ማየት ሊለምድ ይገባል፤ የጆሮ ማዳመጫ ደግሞ ለሁለቱም ይቅር። መኪና መንገድ የጀማሪ ቦታ አይደለም፤ በእግረኛና በብስክሌት መንገድ ላይም ሰው ሲበዛ ወርዶ ቦርዱን በእጅ መያዝ ተገቢ ነው።

በሌሎቹ ቦርዶች ላይ እነዚሁ ቃላት ይሠራሉ፣ የስሕተቱ ዋጋ ግን ይለያያል። ስኖውቦርድ ላይ እግር በማሰሪያ ስለሚቆለፍ አከራዩ ገና ቦርዱን ሳይሰጥ «ሬጉላር ነህ ጉፊ?» ብሎ ይጠይቃል፤ እርግጠኛ ያልሆነ ሰው ሁለቱም እግሮች ወደ ውጭ 15 ዲግሪ ያህል በሚመለከቱበት አቋም ቢጀምር በሁለቱም ወገን መሞከር ይችላል። ሰርፍ ላይ ማሰሪያው ገመድ የሚታሰረው በኋለኛው ቁርጭምጭሚት ነው። ነጂውን ወደ ግራው የሚወስደው ሞገድ ለጉፊ ፊት ለፊቱ ነው፣ ወደ ቀኝ የሚወስደው ለሬጉላር። ስኬትቦርድ ግን እግርን አያስርም፤ ልጁን በነጻ ለመሞከር የሚያስችለውም ይኸው ነው።

አንድ ቦርድ ለሦስት ለአራት ልጆች በሚዳረስበት ሁኔታ የመጨረሻው ጥንቃቄ ዕቃው ላይ ነው። አፍንጫና ጅራት ስለሚመሳሰሉ ከስምንቱ ብሎኖች አፍንጫው በኩል ካሉት አንዱን ወይም ሁለቱን በሌላ ቀለም ለዩ፤ አለበለዚያ ልጁ በየቀኑ የተለያየ ቦርድ የነዳ ያህል ይሰማዋል። ለብዙ ጊዜ በአንድ ሬጉላር የተነዳ ቦርድ ትራኩ ውስጥ ያሉት ላስቲኮች በአንድ ጎን ተጨፍልቀው ወደዚያ ሊጎትት ይችላል። ጉፊው ሲወጣበት መጎተቱ ከጣቱ ወደ ተረከዙ ይዞርበታል፣ ጥፋቱንም በእግሩ ያሳብባል። ሙከራ ከመጀመሩ በፊት ቦርዱ ያለ ሰው ጠፍጣፋ መሬት ላይ ይገፋ። በራሱ ከታጠፈ የትራኩን ትልቁን ዳዶ በ14 ቁልፍ ፈትታችሁ ላስቲኮቹን ግማሽ ዙር አዙሩና መልሱ፤ የተጨፈለቁ ከሆነ ቀይሩ። የጎማውን ዳዶ በ13፣ ትናንሾቹን ብሎኖች በ10 ፈትሹ። ኩሽኔታው ዝናብ ጠጥቶ የሚያቃስት ከሆነም ይለወጥ፤ መለኪያው 608 የሚባለው፣ ውስጡ 8፣ ውጩ 22፣ ስፋቱ 7 ሚሊ ሜትር ነው። ትልቁ ዳዶ ለቀላል ልጅ ሲሆን ሩብ ዙር ላላ፣ ለከባድ ሲሆን ሩብ ዙር ጠበቅ ይደረግ፤ ቦርዱ ቀጥ ብሎ ከሄደና በድጋፍ ከታጠፈ በኋላ ብቻ ልጁ በሁለቱም እግሩ ይሞክር።